የወጋውም ሳይረሳ ሲቀር

ውድ አማካሪ፣

ሰላምዎ ይብዛ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከአንድ የፊልም ጽሑፍ ጋር እየታገልኩ ነው። አራት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌዋለሁ። አራቱም አልሆኑልኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ታናሽ ወንድም መኪና ገጭቶት ይሞታል። ገጪው ሳይቆም ያመልጣል። ሰውየው አደጋው ሲደርስ እዚያው ስለነበረ የገጪውን ፊት ለአፍታ አይቶታል። አሥር ዓመት ሙሉ ይፈልገዋል። በመጨረሻ ያገኘዋል፣ ይከታተለዋል፣ አንድ ሌሊት ብቻውን ጠብቆ ይገድለዋል። ከዚያ ጸጸት ይገባውና እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ዋናው ገፀ ባህሪ በሥራው መኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ለሥራው ግን ብዙ ቦታ አልሰጠሁትም፣ አንድ ሲን ላይ ብቻ ነው የሚታየው። መሃል ላይ ደግሞ ሐሳቡን የደረሱበት አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉ። ቁጭ አድርገው በቀል እንደማይጠቅመው ይመክሩታል።

ጽሑፉን ለሁለት ሰው አሳየሁ። አንዱ ዳይሬክተር ነው። አንብቦ ሲጨርስ «ተበደለ፣ ተበቀለ፣ ተጸጸተ። ታዲያ ምን ይሁን?» አለኝ። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ሌላዋ ጓደኛዬ ናት። እሷ ደግሞ «ማመንታቱን አውጪው፤ ሰው ማየት የሚፈልገው ሲበቀል ነው፣ አክሽን አድርጊው» አለችኝ። አሁን የማንን እንደምሰማ ግራ ገባኝ።

ለሁለቱም ያልነገርኳቸው ነገር አለ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ታላቅ ወንድሜን መኪና ገጭቶ ገድሎብናል። ገጪው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናቴ ስለ ጽሑፉ አታውቅም። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ አልጽፍ ይላል። አንድ ቀን ሰውየው እንዲገድለው እፈልጋለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ይቅር እንዲለው። ሁለቱም ውሸት ይመስሉኛል። እኔ ራሴ ያልወሰንኩትን እሱ እንዴት ይወስናል? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

እጄ አልጽፍ ያለኝ

* * *

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ስለ ወንድምሽ በጣም አዝናለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እሱ የጻፍሽው ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከቀረው ሁሉ የከበዱኝ ግን እነሱ ናቸው።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ብለሻል። ይህን እኔ ልወስንልሽ አልችልም፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ጽፈሽ ስትነሺ ምን ይሰማሻል? ደክሞሽም ቢሆን ቀለል የሚልሽ ከሆነ ቀጥዪ። እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ለቀናት ከሰው የሚለይሽ ከሆነ ግን ለጥቂት ወራት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ጽሑፉ የትም አይሄድም። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሆኖ የሚያስቸግርሽ ከሆነም በሙያው የሠለጠነ ሰው አነጋግሪ። ይህንን ለፊልሙ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ አድርጊው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁት ግን መተው የፈለገ ሰው አይደለም። አራት ጊዜ ጽፎ አምስተኛውን ለመጀመር በር የሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ ትቀጥያለሽ ብዬ ላውራሽ።

ዳይሬክተሩ አነጋገሩ ደርቋል። ሁለት ዓመት የለፋ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም። ያየው ነገር ግን እውነት ነው፣ ብቻ የት ጋ እንዳለ አልነገረሽም። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው ማመንታቱ የመጣበት ሰዓት ላይ ነው። ያንቺ ሰው መጀመሪያ ይገድላል፣ ከዚያ ይጸጸታል። ጸጸትና ማመንታት አንድ አይደሉም። ጸጸት የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ተመልካቹ ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለም። ማመንታት ግን እጅ ገና ሳይሰነዘር ነው። ያኔ ተመልካቹም ወንበሩ ላይ ሆኖ አብሮ ይወስናል። «አድርገው!» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ «ኧረ ተው» ይላል። ጽሑፍሽ ለተመልካቹ ይህንን ዕድል አልሰጠውም።

በቀል ልክ ነው ወይስ ስህተት የሚለውን እንድትመልሺም ማንም አይጠብቅብሽም። ኤስኪለስ የተባለው የግሪክ ጸሐፌ ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ለመድረክ ባበቃው ሥራው፣ የአባቱን ደም ለመመለስ እናቱን የገደለ ልጅ ፍርድ ቤት ይቆማል። ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ይወጣል። ልጁ ነጻ የሚወጣው በዚያ እኩል ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ጥያቄው አልተዘጋም። አንቺም አንድ ቀን ይግደለው፣ በማግሥቱ ይቅር ይበለው ብለሽ ጽፈሻል። እንደ ድክመት ቆጥረሽዋል መሰለኝ። እኔ ግን እንደዚያ አላየሁትም። ልብሽ ውስጥ ድምፁ እኩል ለእኩል ወጥቷል ማለት ነው። እንደዚያው ጻፊው። የምታጣሪው ፍርዱን ሳይሆን ሚዛኑን ነው።

አሮጊቷን ጎረቤት ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አውጪያቸው። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጹ ስክሪን ላይ ወደ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ምክራቸው ሦስት ገጽ ከሄደ ተመልካቹ ሦስት ደቂቃ ስብከት ሰማ ማለት ነው። ደግሞስ ሰውየው አሥር ዓመት ሙሉ በቀል መጥፎ መሆኑን ሳይሰማ ቀርቶ ነው? ማመንታት ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ እሺ ብሎ ማለፍ ይቻላል። በገዛ ዓይኑ ካየው ነገር ሲመጣ ግን መሸሻ የለውም።

ታዲያ ምን ይይ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በቀል የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ተበቃይ በልቡ የሚስለው ጠላት የረሳ ሰው ነው። በልቶ የሚያድር፣ ስቆ የሚውል፣ ያቺን ሌሊት ከነመኖሯም የዘነጋ ሰው። ያንቺም ገፀ ባህሪ አሥር ዓመት የፈለገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሲያገኘው ግን የወጋውም ሳይረሳ የቀረ ቢሆንስ? እኔ ፊልምሽ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

«ለሥራው ብዙ ቦታ አልሰጠሁትም» ያልሽውን ሳነብ ደግሞ ከወንበሬ ልነሳ ነበር። እህቴ፣ ወርቁ እኮ እዚያ ነው! የመንዳት ማስተማሪያ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ? ብዙዎቹ በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አላቸው። መሪው ተማሪው እጅ ነው። ሁለተኛው ፍሬን አስተማሪው እግር ሥር ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ ጠባብ ቦታ፣ በሩ ተዘግቷል። አንዱ የሌላው ሕይወት በእግሩ ሥር አለ። ይህን የመሰለ ቦታ በእጅሽ ይዘሽ ሰውየውን ጨለማ ውስጥ ቢላዋ አስይዘሽ አቆምሽው።

መፈለጉንና መከታተሉን ተይው። ጠላቱ ራሱ ይምጣ። አንድ ጠዋት የሃምሳ ዓመት ሰው ለትምህርት ይመዘገባል። ድሮ ይነዳ ነበር፤ አሥር ዓመት ግን መሪ አልነካም። አሁን መንዳት ግድ ሆኖበታል። ለምን እንደሆነ አንቺ ፈልጊለት። ብቻ ለማሳዘን ተብሎ የገባ ምክንያት አይሁን። አስተማሪው ገና ሲያየው ያውቀዋል። እሱ ግን አስተማሪውን አያውቀውም።

የመጀመሪያውን ትምህርት እስቲ አስቢው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ስፖኪዮውን ያስተካክላል። እንደገና ያስተካክላል። ቀበቶውን ያስራል፣ ጎትቶ ያየዋል። ፍሪሲዮን ረግጦ አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ትንሽ እንደሄዱ የእግረኛ ማቋረጫ ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይይዛል። መንገዱ ላይ ማንም የለም። «ይሂዱ እንጂ» ይለዋል አስተማሪው። እግሩ አይነሳም። አስተማሪው ዝቅ ብሎ ሲያይ፣ የሰውየው ጫማ ፍሬኑ ላይ ይንቀጠቀጣል።

በቃ። ስለ በቀል አንድም ቃል አልተባለም። አስተማሪው ግን አሥር ዓመት የጠላው ሰው እንዳልረሳ አወቀ። ይህን ማወቁ ደስ አያሰኘውም፤ ያናድደዋል። እስከዚያች ጠዋት ያቆየውን ጥላቻ ከእጁ ሊነጥቀው ነውና። ንዴቱን በደንብ ጻፊው። በአንድ ጊዜ አዝኖለት ቢለሰልስ ማንም አያምንሽም።

ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሦስተኛ ቀን፣ ሰባተኛ ቀን። ሰውየው እየለመደ ይሄዳል። አስተማሪው ሙያውን የሚወድ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ እንዲወደው አድርጊው፣ ሳያስበው በደንብ እያስተማረው ራሱን ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው ሰውን የሚከፍለው።

አንድ ቀን ደብተሯን እያነበበች የምትሄድ ተማሪ ሳታይ መንገድ ውስጥ ትገባለች። ሰውየው ይደርቃል። አስተማሪው ይረግጣል፣ ግን ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይጓዛል። መኪናዋ ልጅቷ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት ትቆማለች። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል ገጹን ገልጣ ትሄዳለች። ሰውየው መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አዳኑኝ» ይለዋል። አስተማሪው ግን ያቺን ግማሽ ሰከንድ ያውቃታል። ለምን ዘገየ? ደንግጦ ነው? ወይስ ሰውየውን ዳግመኛ ገዳይ አድርጎ ሊያየው ፈልጎ? ራሱም እርግጠኛ አይደለም።

እስካሁን ጥያቄው «ይህ ሰው ምን ይገባዋል?» ነበር። አሁን «እኔ ምን እየሆንኩ ነው?» ሆነ። በቀሉ የሌላ ሰው ልጅ ጠይቆታል። ማመንታት ስል ይህን ማለቴ ነው።

እዚህ ስትደርሺ አንድ ፈተና ይመጣብሻል። «ሰውየው ትክክለኛው ገጪ ባይሆንስ?» የሚል። አስተማሪው ፊቱን ያየው ለአፍታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ነበር። 50ዎቹን መኪኖቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት እንደነበር ጠየቁ። ሌሎች 50 ተማሪዎችን ግን «ሲከሰካከሱ» እንደማለት ባለ ጠንከር ያለ ቃል ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ሲባሉ፣ ቀለል ያለውን ቃል ከሰሙት 7ቱ፣ ጠንካራውን ከሰሙት ደግሞ 16ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል ናት ትዝታ ውስጥ መስታወት የሰበረችው። አስተማሪው አሥር ዓመት ሙሉ ያቺን ሌሊት ለራሱ ሲተርክ ስንት መስታወት ሰብሮ ይሆን?

ይህን ተጠቀሚበት፣ ግን መጀመሪያው ሲሶ ላይ ብቻ። ከዚያ በሩን ዝጊው፤ ሰውየው እሱ ነው። ሰውየው ሌላ ሆኖ ከተገኘ አስተማሪው ከፈተናው ያመልጣል። በስህተት ነበር የጠላሁት ብሎ ይገላገላል። ገጪው እሱው ራሱ መሆኑ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጠውም ያው ሰው መሆኑ ነው የሚከብደው።

ጓደኛሽ ማመንታቱን አውጪው ያለችው ከክፋት አይደለም። በቀል ለተመልካች ይጣፍጣል፤ ይህን አትካጂ። ጣዕሙ ግን ብዙ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የገንዘብ ጨዋታ ላይ የከዳቸውን ሰው የመቅጣት ዕድል ያገኙ ሰዎች፣ ዕድሉን ካላገኙት ይልቅ ስሜታቸው ከፍቶ ተገኘ። ስለ ከዳተኛውም አብዝተው ሲያስቡ ነበር። ዕድሉን ያላገኙት ግን ብንቀጣው ኖሮ ደስ ይለን ነበር ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ አስተማሪሽ በመጨረሻ ቢበቀልም፣ ያንን የለመድነውን ለቅሶ አትጻፊለት። ሰኞ ጠዋት የሰውየው የትምህርት ሰዓት ሲደርስ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ። ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እግሩን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አድርጎ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይጠብቅ።

አሁን የምጠይቅሽን ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። አንቺ ታናሽ ነበርሽ፤ ጽሑፍሽ ውስጥ የሞተው ግን ታናሹ ነው። አንቺ ሴት ነሽ፤ ተበቃዩ ወንድ ነው። ይህ ከደራሲነት ምርጫ አልፎ ከራስሽ ለመራቅ ይሆን? መራቅ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ያግዛል። ግን ቀሪውን ታላቅ፣ ማለትም ጠባቂ አድርገሽዋል። ሳይጠብቀው የቀረ ጠባቂ። አንቺስ ልብሽ ውስጥ «ያን ቀን እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የምትይው ነገር አለ? ጥፋት አለብሽ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ሰው በድንገት ሲሞት የቀሩት «ባልደወልኩለት ኖሮ»፣ «ባልላክሁት ኖሮ» እያሉ ራሳቸውን ይከሳሉ፤ ክሱ ልክ ሳይሆንም።

አስተማሪውም እንዲህ ያለ ነገር ይኑረው። ያን ምሽት «ቁልፍ ረስቻለሁ፣ አምጣልኝ» ብሎ ወንድሙን የጠራው እሱ ይሁን። ይህን ማንም አያውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ ሌላውን ሰው የፈለገው ቁልፏን ላለማየት ነው። ቤቱን ግን እስከ ዛሬ የሚከፍተው በዚያው ቁልፍ ነው። ይህን በንግግር አታስወሪው። በሩን ሲከፍት ብቻ አሳዪን፣ አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ሁሉን ካወቅን በኋላ።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት። አራተኛውን ጽሑፍ አትንኪው። መጀመሪያ አንድ የመንዳት አስተማሪ ፈልጊና የኋላ ወንበር ላይ ለአንድ ሰዓት እንዲያስቀምጥሽ ለምኚው። ተማሪው ሲሳሳት ምን እንደሚል ስሚ። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እዪ። መኪና ውስጥ መቀመጥ የሚከብድሽ ከሆነ ግን አታስገድጂው፤ ውጭ ቆሞ ማውራቱም ይበቃል።

ከዚያ አምስት ገጽ ጻፊ። መኪናዋ ውስጥ ብቻ፣ ያለፈው ሳይነሳ፣ ያለ ምልሰት። ካስፈለገሽ አስተማሪዋን ሴት አድርገሽ ሞክሪው፣ ለአምስት ገጽ ብቻ። ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ይገባሻል።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው። አንድ ገጽ በገጪው ድምፅ ጻፊ። ያን ሌሊት ለምን እንዳልቆመ ይናገር። አትስደቢው፣ ጥብቅናም አትቁሚለት። ይህን ማታ ብቻሽን ሆነሽ አትጻፊው። በጠዋት ጻፊውና ስትጨርሺ ከምትወጂው ሰው ጋር ለመገናኘት ቀድመሽ ተቀጣጠሪ። ገጹ ፊልሙ ውስጥ ባይገባም ግድ የለም። መጻፍ ካቃተሽም ለዛሬ አቃተሽ ማለት ብቻ ነው፤ ይቆይ።

ሎግላይን የሚሉትን፣ ፊልሙን ባጭሩ የሚናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠይቁሽ ለጊዜው ይህንን ያዢ፤ «ወንድሙን ገጭቶ ያመለጠውን ሰው እንደገና መንዳት የሚያስተምር አስተማሪ፣ ፍሬኑ እግሩ ሥር እያለ ሰውየውን ያድነው ወይስ ይጣለው መወሰን አለበት።» ቃላቱን እንደፈለግሽ ለውጪ። ዳይሬክተሩ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ይሁን?» አይልሽም፤ «ታዲያ ምን አደረገ?» ይልሻል።

እናትሽን ደግሞ አትርሺያቸው። ታሪኩን መተረክ የለብሽም። «ስለ ወንድሜ እያሰብኩ አንድ ነገር እየጻፍኩ ነው» ማለቱ ለመጀመሪያ ይበቃል። ፊልሙን የሚያውቅ ሰው ከመብዛቱ በፊት ግን ካንቺ አፍ ይስሙት። ላይወዱት ይችላሉ። ያኔ ምን እንደምታደርጊ አስቀድመሽ አስቢበት፤ ይህን መልስ እኔ የለኝም።

መጨረሻውን አሁን አትወስኚ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጨረሻው ላይ ቆመሽ እጅሽ አልጽፍ ሲል ከርሟል። ወደ መጀመሪያው ትምህርት ተመለሺ። ሰውየው ባዶው ማቋረጫ ላይ ፍሬን ይዞ ቆሟል፣ ጫማው ይንቀጠቀጣል፣ አስተማሪው አይቶታል። ቀጥሎ ምን ይለዋል? አምስቱን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።